ከካፋ ማሳና ጫካ የተሰበሰበ ዕውቀት የት ይቀመጣል? የዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ማኅደር ለገበሬውና ለከተማው ነዋሪ

ቦንጋ፦ ተመራማሪዎችና ተመራቂ ተማሪዎች ወደ ካፋ ዞን ቀበሌዎች መምጣታቸው አዲስ ነገር አይደለም። መጠይቅ ይዘው ከገበሬው ደጅ ይቀመጣሉ፤ የቡናውን ግንድ ይለካሉ፤ ከማሳው አፈር በከረጢት ይይዛሉ፤ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ኮረሪማው፣ ስለ ጥምዙና ስለ ማሩ ይጠይቃሉ። ገበሬው ሥራውን አቋርጦ፣ ቡና አፍልቶ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ይነግራቸዋል። ከዚያ በኋላ እንግዶቹ ይሄዳሉ።

ጽሑፉ ተጠናቆና ተመራቂው ጋወን ለብሶ ከተሸኘ በኋላ ጥራዙ በዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መልሱን የሰጠው ገበሬ ግን ውጤቱን የሚያይበት መንገድ ብዙ ጊዜ የለውም። በሌላ ዓመት ሌላ ተማሪ መጥቶ ያንኑ ጥያቄ መጠየቁም የተለመደ ነው፤ የቀደመው መልስ ተጽፎ መቀመጡን የሚያውቅበት ዘዴ ካላገኘ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት አንድ መሣሪያ አለ፤ ስሙም ዲጂታል ማኅደር ወይም በተለምዶ አጠራር ሪፖዚተሪ ነው። ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለካፋ ገበሬና ለቦንጋ ነዋሪ ምን እንደሚፈይድ ማወቅ የምሁራን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ማኅደሩ ምንድን ነው?

ዲጂታል ማኅደር ማለት አንድ ተቋም ያፈራቸውን ወይም በአደራ የተቀበላቸውን ጽሑፎች፣ ፎቶግራፎች፣ የድምፅ ቅጂዎችና የጥናት መረጃዎች በኮምፒውተር አደራጅቶ ለረጅም ዘመን የሚጠብቅበትና በኢንተርኔት ለአንባቢ የሚያቀርብበት ሥርዓት ነው። ከተራ ድረ ገጽ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰነድ ስለ ራሱ የሚናገር መግለጫ አለው። ሁለተኛ፣ የማይለዋወጥ ቋሚ አድራሻ ይሰጠዋል። ሦስተኛ፣ የመጠበቁ ኃላፊነት የአንድ ሰው ሳይሆን የተቋሙ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፎችን በዚህ ዓይነት ማኅደር ለአንባቢ ያቀርባል። የጅማና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸው ማኅደር አላቸው። በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት የሚታወቀው ሶፍትዌር ዲስፔስ ይባላል። ይህን ሶፍትዌር የአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍትና የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ በጋራ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2002 ለሕዝብ አቀረቡት። ፈቃድ የማይገዛለት፣ ማንኛውም ተቋም በነፃ ወስዶ እንደ ፍላጎቱ የሚያስተካክለው በመሆኑ በታዳጊ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል። ይህ ማለት ግን ወጪ የለበትም ማለት አይደለም። ሰርቨር፣ መብራት፣ የኢንተርኔት መስመርና የሠለጠነ ባለሙያ የግድ ይላሉ።

ሰነዱ እንዴት ይገባል?

ሥራው የሚጀምረው ተማሪው ወይም መምህሩ የጽሑፉን የመጨረሻ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ሲያስረክብ ነው። ባለሙያው ጽሑፉ በፈታኞች የጸደቀው ቅጂ መሆኑን ያረጋግጣል። ቀጥሎ መግለጫውን ይሞላል፦ ርዕስ፣ የጸሐፊው ስም፣ የአማካሪው ስም፣ ዓመት፣ የትምህርት ክፍል፣ አጭር ማጠቃለያ፣ ቁልፍ ቃላትና የተጠናው አካባቢ። ይህ መግለጫ በሙያው ቋንቋ ሜታዳታ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ደብሊን በተባለች ከተማ ከተደረገ ስብሰባ የመነጨውና ደብሊን ኮር የተባለው የመግለጫ ሥርዓት 15 መሠረታዊ ክፍሎች አሉት፤ ብዙዎቹ ማኅደሮች የሚከተሉት እርሱን ነው።

መግለጫው ለማኅደሩ የጎተራ ምልክት ማለት ነው። እህሉ ሞልቶ የየትኛው ዓመት፣ የየትኛው ማሳና የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ካልተለየ፣ ለዘር የሚሆነውን ከሚበላው መለየት አይቻልም። ሰነድም እንዲሁ ነው፤ ያለ መግለጫ ቢቀመጥ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

እዚህ ላይ ካፋን በተለይ የሚመለከት ችግር አለ፤ እርሱም የስሙ አጻጻፍ ነው። የዞኑ ስም በአማርኛ «ካፋ» ተብሎም «ከፋ» ተብሎም ይጻፋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ በአንድ ኤፍ፣ ሌላው በሁለት ኤፍ ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ የመጀመሪያውን አናባቢ ኤ፣ ሌላው ኢ ያደርገዋል። ኮምፒውተር ደግሞ ሰው እንደሚያደርገው «ይህ ያው ነው» ብሎ አያልፍም። በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ ሰው በሌላው የተመዘገበውን ጥናት ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፈላጊው ሁሉንም አጻጻፍ መሞከር አለበት፤ መዝጋቢው ደግሞ ሁሉንም በቁልፍ ቃላት ውስጥ ማስፈር ይጠበቅበታል። የወረዳና የቀበሌ ስም ሲጨመር ፍለጋው ይቀላል፦ ጊምቦ፣ ዴቻ፣ አዲዮ፣ ጨና፣ ገዋታ እያሉ መፈለግ ይቻላል።

የአማርኛ ሰነዶች ሌላም ሳንካ አለባቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ማለትም በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናሉ። በየቢሮው በአሮጌ ዲስክና በአሮጌ ኮምፒውተር የቀሩ ሰነዶች ወረቀታቸው ከጠፋ ይህ ዕጣ ይጠብቃቸዋል። «በኮምፒውተር አለ» ማለት «ተጠብቋል» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የካፋ ዕውቀት የተበተነው የት ነው?

ስለ ካፋ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ችግሩ መበተኑ ነው። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተማረኩ በኋላ አካባቢውን ከጎበኙት አውሮፓውያን አንዱ የሆነው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር፣ ስለ ካፋ ሕዝብ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 አሳትሟል። ጽሑፉ በጀርመንኛ ነው። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ ስለ ካፊኖኖ ቋንቋ የጻፈው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1951 ሮም ላይ ታተመ፤ እርሱም በጣሊያንኛ ነው። አምኖን ኦረንት ስለ ካፋ የዘር ሐረግና እምነት የሠራውን የዶክትሬት ጥናት ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ክሪስቲነ ሽሚት የተባሉ ተመራማሪ በቦንጋ አካባቢ ደን፣ በዱር ቡናና በአያያዙ ላይ የሠሩት የዶክትሬት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 በጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲ ተጠናቋል። ዩኔስኮ የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በስፍራው ያስጠናው የብዝኀ ሕይወት ዳሰሳ በእንግሊዝኛ ታትሟል። የቦንጋ ጫካ ምን ዓይነት ዛፎች እንዳሉት ለማወቅ የሚሻ የቦንጋ ወጣት፣ መልሱን ጀርመን አገር ባለ ማኅደር ውስጥ ሊፈልግ ግድ ይሆናል ማለት ነው። መልካሙ ነገር ማኅደሩ ዲጂታል ከሆነ ቪዛም የአውሮፕላን ቲኬትም አያስፈልገውም።

የሰነድ ጥቅም በቡና ላይ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን በኢትዮጵያ ቡና አብቃይ አካባቢዎች ተዘዋውሮ የቡና ዘር ሰበሰበ። ዘሩ ከኢትዮጵያ ሌላ እስከ ኮስታ ሪካ ድረስ ተልኮ ተተከለ፤ ዛሬም ቱሪያልባ በተባለው ስፍራ ባለው የምርምር ማዕከል የቡና ዛፎች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። የቡድኑ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1968 ታተመ። የትኛው ዛፍ ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ የሚመሰክረው ይህን የመሰለው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ ዛፉ መነሻው የማይታወቅ ተራ ዛፍ ይሆን ነበር፤ ዘሩን የሰጠው አገርም ማስረጃ አይኖረውም ነበር።

ሲቢዲ በሚል አጠራር የሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ሲታይም፣ ጅማ አጠገብ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከገበሬው ማሳና ከደን መርጦ ዝርያ አወጣ። ገበሬው በቁጥር የሚያውቃቸው እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎች ስማቸውን ያገኙት ከተመረጡበት ዓመት ነው፤ 74 የሚለው እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ቁጥሩ ራሱ መዝገብ ነው። መዝገቡ ባይጠበቅ የቁጥሩ ትርጉም ይጠፋ ነበር።

የቦንጋ በግም የራሱ ታሪክ አለው። በአዲዮ ወረዳ ገበሬዎች አውራ በጎችን ተስማምተው እየመረጡ መንጋቸውን የሚያሻሽሉበት ማኅበረሰብ አቀፍ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ኢካርዳ ከተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትና ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር በመተባበር ነው። በፕሮግራሙ ላይ የተጻፉ ሪፖርቶችና መመሪያዎች የዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከላት በሚጋሩትና ሲጂስፔስ በተባለው ማኅደር ውስጥ በነፃ ይነበባሉ። የልማት ሠራተኛ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር አመራር ስልኩን ከፍቶ ሊያነባቸው ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። የፖሊሲው ሐሳብ ግልጽ ነው፦ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ የምርምር ውጤቶችንና መረጃዎችን በማኅደር እንዲያስገቡ ይጠይቃል። የየዩኒቨርሲቲውን ሥራ በአንድ ቦታ የሚያሰባስብ የኢትዮጵያ ብሔራዊ አካዳሚክ ዲጂታል ማኅደርም ተቋቁሟል። የአራተኛው ትውልድ ከሚባሉት ተቋማት አንዱ የሆነው የቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ይህ ፖሊሲ ይመለከተዋል።

ክፍት ማድረግ ማለት ግን የጸሐፊውን መብት መንጠቅ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጽሑፍ ሥራ ጸሐፊው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ማኅደሩ የሚያነበውን ሰው ያበዛል፤ ስም ሳይጠቅሱ መገልበጥን አይፈቅድም። እንዲያውም ክፍት የሆነ ጽሑፍ ሲሰረቅ ከተዘጋው ይልቅ በቀላሉ ይታወቃል።

የገበሬውስ መብት?

ከሁሉ በላይ ክርክር የሚያስነሳው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ተማሪ የአገር ሽማግሌዎች ለየትኛው ሕመም የትኛውን ቅጠል እንደሚጠቀሙ ጽፎ በክፍት ማኅደር ቢያስገባ፣ ያን ዕውቀት በማግስቱ የሩቅ አገር ኩባንያ ሊያነበው ይችላል። ሽማግሌው ይህን ያውቁ ነበር? ፈቅደዋል?

በኢትዮጵያ ይህን የሚመለከት ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት የማኅበረሰቡ መሆኑን ይደነግጋል፤ ዕውቀቱን ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅና ከጥቅሙም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል ያዛል። ስለዚህ ጠያቂው ጽሑፉ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያነበው ሳይናገር መጠይቁን መጀመር የለበትም።

የነገሩ ሌላ ገጽታም አለ። ዕውቀትን አለመጻፍም አደጋ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የፈጠራ ባለቤትነት ይዞ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንን ሲያስቆጣ ቆይቷል። ሕንድም በእርድ ላይ የተሰጠ የአሜሪካ የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ1997 እንዲሰረዝ ያደረገችው፣ አሠራሩ በአገሯ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መሆኑን በጽሑፍ ማስረጃ በማሳየት ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ባህላዊ ዕውቀቷን የሚመዘግብ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አቋቋመች። ያ መዝገብ ግን ለሁሉም የተከፈተ አይደለም፤ በዋናነት የሚያዩት የፈጠራ መብት የሚመረምሩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መጻፍና መክፈት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸው ነው። ዲጂታል ማኅደር ሰነድን ተቀብሎ ለተወሰነ ጊዜ ሊዘጋው ወይም ከፊሉን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የባህላዊ መድኃኒት ዝርዝር፣ የአምልኮ ስፍራ ትክክለኛ ቦታ፣ የመረጃ ሰጪው ስምና ስልክ ለማንም ክፍት መሆን አይገባቸውም። ብሔራዊው ፖሊሲም የሚከተለው መርሕ በተቻለ መጠን ክፍት፣ አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ዝግ የሚል ነው።

የወረቀቱ ዕድሜ

ካፋ ዝናባማ ምድር ነው። ለቡናውና ለእንሰቱ በረከት የሆነው እርጥበት ለወረቀት ጠላት ነው፤ ሻጋታ፣ ምስጥና አይጥ ይከተሉታል። የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አሮጌ መዛግብት፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች፣ የአባቶች ደብዳቤዎችና በካሴት የተቀዱ የሽማግሌዎች ትረካዎች ይህ አደጋ ይጠብቃቸዋል። እሳትም አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ከተራራ የተነሳ እሳት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ቤተ መጻሕፍት ሲያቃጥል፣ ስለ አፍሪካ የተሰበሰቡ ብርቅ መጻሕፍትና ፊልሞች ጠፍተዋል። አስቀድሞ ዲጂታል ቅጂ የተሠራለት ሰነድ ግን ቢያንስ ይዘቱ ተረፈ።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል ብራናዎችን በፊልም ቀርፆ ቅጂያቸውን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ አስቀምጧል። በሁለት ቦታ የተቀመጠ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ዛሬም የዲጂታል ማኅደር ዋና ሕግ ይኸው ነው። አንድ ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር፣ ሌላው በሌላ ከተማ፣ ሦስተኛው ከኢንተርኔት በተለየ ዲስክ መቀመጥ አለበት።

ነዋሪው ምን ማድረግ ይችላል?

ስማርት ስልክ ያለው ሰው የዩኒቨርሲቲዎቹን ማኅደር ሲከፍት፣ ለንባብ ክፍት የሆነውን ጽሑፍ ለማውረድ ክፍያ አይጠየቅም። የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ገጽ ይበልጣል፤ ስለሆነም አጭሩን ማጠቃለያና በመጨረሻው ምዕራፍ ያለውን ምክረ ሐሳብ ማንበብ ይበቃል። መስመር ደካማ በሆነበት ቀበሌ በከተማ አውርዶ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ማካፈል ይቻላል።

ትልቁ እንቅፋት ቋንቋ ነው። አብዛኛው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ገበሬው ጋ የሚደርሰው በሰው በኩል ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከእያንዳንዱ ጥናት ጋር አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛና በካፊኖኖ እንዲቀመጥ ቢያደርጉ፣ የልማት ሠራተኛው በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ጋዜጠኛውም በሬዲዮ ሊያነቡት ይችላሉ። ወጪው ከጥናቱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ገበሬውም መጠይቅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ከመልሱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊያቀርብ ይገባዋል። ጽሑፉ ሲያልቅ የት ይቀመጣል? ስሜና የነገርኩህ ነገር ለማን ክፍት ይሆናል? ውጤቱ ለቀበሌያችን በምን ቋንቋ ይመለሳል? ጨዋ ተመራማሪ እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ ይመልሳል።

በቤቱ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ ወይም ካሴት ያለው የከተማ ነዋሪ ደግሞ ዋናውን ለማንም ሳይሰጥ ቅጂ ማስነሳት ይችላል። በስካነር ሲነሳ ጥራቱ ከ300 ዲፒአይ ባያንስ ይመረጣል። በፎቶው ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ፣ የት እና መቼ እንደተነሳ በወረቀት ጽፎ አብሮ ማስቀመጥ ከስካኑ እኩል ያስፈልጋል፤ ይህን የሚነግሩ አረጋውያን ዛሬ በሕይወት ካሉ ሊጠየቁ የሚገባው ዛሬ ነው።

ቡና ከካፋ ጫካ ወጥቶ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ከእርሱ ጋር ስለ እርሱ የተጻፈው ዕውቀትም አብሮ ተጉዟል። የዲጂታል ማኅደር ፋይዳ ያ ዕውቀት ወደ መነሻው የሚመለስበትን መንገድ መክፈቱ ነው። መንገዱ የሚጠቅመው ግን የሚጓዝበት ሲኖር ነውና፣ ዩኒቨርሲቲው ሰነዱን የማስገባት፣ መንግሥት መስመሩን የመዘርጋት፣ ገበሬውና ነዋሪውም «የነገርናችሁ የት ደረሰ?» ብሎ የመጠየቅ ድርሻ አላቸው።